ከፍሎረንስ እስከ ቱኒስ፦ የሜዲትራኒያን ሕዝቦች የውይይትና የትብብር ታሪክ

አውሮፓን፣ አፍሪካንና እስያን የሚያገናኘው የሜዲትራኒያን ባሕር በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከጦር መርከቦች፣ ከመስቀል ጦርነቶች፣ ከቅኝ ግዛትና ከድንበር ውዝግብ ጋር ነው። ይህ ታሪክ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም፤ ነገሥታትና መንግሥታት በተዋጉበት ዘመን ሁሉ በባሕሩ ዳርቻዎች የሚኖሩ ነጋዴዎች፣ መርከበኞች፣ የሃይማኖት ሰዎች፣ ምሁራንና ሠራተኞች በየራሳቸው መንገድ ሲነጋገሩ፣ ሲዋዋሉና ሲረዳዱ ኖረዋልና። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህ ግንኙነት ስምና ቅርጽ አግኝቶ የሲቪል ማኅበረሰብ ውይይት መባል ጀመረ። ሲቪል ማኅበረሰብ የሚባለው ከመንግሥት መዋቅር ውጭ ሆነው ለጋራ ጉዳይ በፈቃዳቸው የተደራጁ ሰዎች ስብስብ ሲሆን፣ የሠራተኛ፣ የአሠሪና የሙያ ማኅበራትን፣ የመብት ተሟጋቾችን፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችንና የጥናት ተቋማትን ያጠቃልላል።

በዚህ ጽሑፍ የዚያ ግንኙነት ዋና ዋና ምዕራፎች በቅደም ተከተል ይቀርባሉ፤ ዘመናቱም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከምዕራፎቹ ንጽጽር የሚወጣው ፍሬ ነገር ግልጽ ነው፦ በሜዲትራኒያን ዙሪያ የተደረጉ ውይይቶች ውጤት ያስገኙት ተወያዮቹ የራሳቸው አባላት፣ የራሳቸው ቋሚ ሥራና በሕዝብ ዘንድ ተፈትኖ የጸና አመኔታ በነበራቸው ጊዜ ሲሆን፣ እነዚህ ባልነበሩበት ግን ጥሪውም፣ ገንዘቡም፣ የመንግሥታት በጎ ፈቃድም ጉድለቱን አልሞሉትም።

በጠላትነት መካከል የጸና ውል

በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ የመስቀል ጦርነቶች በምሥራቅ ሜዲትራኒያን እየተካሄዱ ሳለ፣ የቬኒስ፣ የጄኖዋ፣ የፒዛና የባርሴሎና ነጋዴዎች በእስክንድርያ፣ በቱኒስና በሌሎች የሰሜን አፍሪካ ወደቦች ይነግዱ ነበር። ያርፉበት የነበረው ቦታ ፉንዱቅ ይባላል፤ ይኸውም በአንድ ግቢ ውስጥ መጋዘን፣ ማደሪያና የዳቦ ምድጃ፣ ብዙ ጊዜም የጸሎት ቤት የሚገኝበት የእንግዳ ነጋዴዎች ማረፊያ ነው። የአገሩ ገዥ የግቢውን ደኅንነት ሲጠብቅ፣ የውስጥ ጉዳዩን ግን ነጋዴዎቹ በራሳቸው ቆንስል አማካይነት ያስተዳድሩ ነበር። ቆንስሉ በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር ይዳኛል፤ በእነርሱና በወደቡ ሹማምንት መካከል አለመግባባት ሲፈጠርም ይደራደራል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያንና ሱልጣን በጦር ሜዳ በሚፋለሙበት ዘመን እንኳ የሁለቱም ወገን ነጋዴዎች የሚተማመኑበት የዳኝነት ሥርዓት በወደቦቹ ውስጥ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

በምዕራቡ ዳርቻም የባሕር ቆንስላ የሚባል ፍርድ ቤት በ1283 በቫሌንሲያ ተቋቁሞ በኋላ ወደ ማዮርካና ወደ ባርሴሎና ተስፋፋ። ዳኞቹ ከባሕር ሰዎችና ከነጋዴዎች መካከል የሚመረጡ፣ ሕጉንም በሥራ ላይ ሳሉ ያወቁ ሰዎች ነበሩ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መልክ የያዘው የባሕር ቆንስላ መጽሐፍ የመርከበኛ ደመወዝ እንዴት እንደሚከፈል፣ ጭነት ሲበላሽ ተጠያቂው ማን እንደሆነ፣ በማዕበል ጊዜ መርከቡን ለማዳን ወደ ባሕር የተጣለ ዕቃ ኪሳራም በባለ ንብረቶቹ ሁሉ ላይ እንዴት እንደሚከፋፈል ይደነግጋል። ይህ የኪሳራ መካፈል ደንብ አደጋን የጋራ ጉዳይ የሚያደርግ በመሆኑ ልዩ ልዩ ቋንቋና ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች አንድ መርከብ ላይ ያለ ስጋት ዕቃቸውን እንዲጭኑ አስችሏል።

ከንግድ ቀጥሎ ሁለቱን ዳርቻዎች ያገናኘው ሌላው ጉዳይ የምርኮኞች ቤዛ ነው። የባሕር ወንበዴነት በሁለቱም ወገን በተስፋፋበት ዘመን በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች እየተማረኩ ለባርነት ይሸጡ ስለነበር፣ በ1198 የሥላሴ ማኅበር፣ በ1218 ደግሞ በባርሴሎና የምሕረት እመቤታችን ማኅበር የተባሉ መንፈሳውያን ማኅበራት ምእመናንን ገንዘብ እያስዋጡ ምርኮኛ ለማስለቀቅ ተመሠረቱ። በሙስሊሞቹም በኩል የራሳቸውን ወገኖች ለማስለቀቅ የሚላላኩ ደላሎችና ለዚሁ በጎ ሥራ የተመደበ የወቅፍ፣ ማለትም የሃይማኖታዊ በጎ አድራጎት፣ ገንዘብ ነበር። በአልጀርስ አምስት ዓመት ታስሮ የቆየው የስፔኑ ደራሲ ሚጌል ደ ሰርቫንቴስ በ1580 ነጻ የወጣው በሥላሴ ማኅበር መነኮሳት ድርድር ነው። የቤዛው ድርድር የጠላትነትን ምንጭ አላደረቀም፤ ሆኖም በጦርነት ውስጥም ቢሆን የሰውን ሕይወት ለማትረፍ የሚጓዝ ሰው በሁለቱም ወደቦች ተቀባይነት እንዲያገኝ ልማድ አቆመ።

ፍሎረንስ፣ 1958

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሜዲትራኒያንን ሕዝቦች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለማሰባሰብ ቀዳሚውን ትልቅ ሙከራ ያደረገው ጆርጆ ላ ፒራ የተባለ ኢጣሊያዊ ነው። በ1904 በሲሲሊ ደሴት ፖዛሎ በምትባል የወደብ ከተማ የተወለደው ላ ፒራ የሮማ ሕግ ፕሮፌሰር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኢጣሊያን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት ሰዎች አንዱ፣ በ1951ም የፍሎረንስ ከንቲባ የሆነ ሰው ነበር። ይህ ሰው ከተሞች ከመንግሥታት ይልቅ ረጅም ዕድሜ አላቸው፤ ስለዚህም መንግሥታት ሲኮራረፉ ከተሞች ሊነጋገሩ ይገባል ብሎ ያምን ነበር። በዚሁ እምነት በ1955 የሞስኮንና የቤይጂንግን ከንቲባዎች ጨምሮ የዓለም ዋና ከተሞችን ከንቲባዎች በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል ወደ ፍሎረንስ ጠርቶ አገናኝቷል።

ፍሎረንስ ለዚህ ተግባር የተመረጠችው በአጋጣሚ አልነበረም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የምሥራቅንና የምዕራብን አብያተ ክርስቲያናት ለማቀራረብ የተጠራው ጉባኤ ከ1439 ጀምሮ የተካሄደው በዚህችው ከተማ ሲሆን፣ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ማኅበር አበምኔት የነበሩት አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው መነኮሳትም በ1441 ከጉባኤው ፊት ቀርበው ስለ አገራቸውና ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው ተናግረዋል። ከአፍሪካ ቀንድ የመነጨው መንፈሳዊ ጉዞ በኢየሩሳሌም በኩል አልፎ ከሜዲትራኒያን ከተማ ጉባኤ ጋር የተገናኘበት ይህ አጋጣሚ፣ የባሕሩ ታሪክ ከዳርቻዎቹ እጅግ ርቆ የሚዘልቅ መሆኑን ያመለክታል።

የመጀመሪያው የሜዲትራኒያን የውይይት ጉባኤ የተከፈተው በጥቅምት 1958 መጀመሪያ፣ ፓላዞ ቬክዮ በሚባለው የከተማዋ ጥንታዊ የማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ውስጥ ነበር። ጊዜው እጅግ አስቸጋሪ ነበር፤ የአልጄሪያ የነጻነት ጦርነት አራተኛ ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል፣ የአልጄሪያ አብዮተኞችም ጊዜያዊ መንግሥት ማቋቋማቸውን በካይሮ ያወጁት መስከረም 19 ቀን፣ ማለትም ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ግብፅና እስራኤልም ከስዊዝ ጦርነት ከወጡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር። እንዲህም ሆኖ የሞሮኮው አልጋ ወራሽ ሙላይ ሐሰን፣ ፈረንሳውያን ምሁራን፣ አልጄሪያውያን፣ እስራኤላውያንና አረቦች በአንድ አዳራሽ ተቀመጡ። የአልጄሪያ ነጻ አውጪዎች ድምፅ በዚያ መሰማቱ በፈረንሳይ መንግሥት ዘንድ ቅሬታን ቢያስነሣም፣ ላ ፒራ ጦርነት ላይ ያሉ ሰዎች ሳይገኙ ስለ ሰላም መወያየት ዋጋ የለውም በሚለው አቋሙ ጸና። ላ ፒራ ሜዲትራኒያንን ከጥብርያዶስ ባሕር ጋር እያመሳሰለ፣ የአብርሃም ልጆች የሆኑት አይሁድ፣ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች በዳርቻው እንደ ቤተሰብ የሚኖሩበት ሐይቅ ይሆን ዘንድ ይመኝ ነበር።

ጉባኤው በ1960፣ በ1961 እና በ1964 ተደገመ። ከዚያ በኋላ ግን ላ ፒራ በ1965 ከከንቲባነቱ ሲወርድ የሚሸከመው ተቋም ስላልነበረው ቀጣይነት አጣ። የፍሎረንስ ትሩፋት ጠላቶች ሊነጋገሩ እንደሚችሉ በተግባር ማሳየቱ ሲሆን፣ ድክመቱ ደግሞ ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ሥልጣንና የሞራል ክብር ላይ መንጠልጠሉ ነበር። የተጋበዙት ሰዎች ታላላቅ ነበሩ፤ ሆኖም ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተናገሩትን ተቀብሎ ወደ ሥራ የሚለውጥ የተደራጀ አባል አብዛኞቹ አልነበራቸውም። ላ ፒራ በ1977 ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የሜዲትራኒያን አገሮች ካቶሊካውያን ጳጳሳት በ2020 በባሪ፣ በ2022 በፍሎረንስ፣ በ2023 ደግሞ በማርሴይ ሲሰበሰቡ የእርሱን ሐሳብ መነሻ ማድረጋቸው፣ ዘሩ ከተቋረጠው ጉባኤ በላይ ዕድሜ እንደነበረው ይመሰክራል።

የጋራ ባሕር፣ የጋራ ልኬት

የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው ከፖለቲካ የራቀ በሚመስል ጉዳይ ነው። ሜዲትራኒያን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር የሚገናኘው ስፋቱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው በጅብራልታር የባሕር ወሽመጥ ብቻ ስለሆነ፣ ውኃው ሙሉ በሙሉ እስኪታደስ በግምት ከ80 እስከ 100 ዓመት ይፈጃል፤ በአንዱ ዳርቻ የተደፋ ዘይትና የፋብሪካ ዝቃጭም የሌላውን ዓሣና የመዋኛ ዳርቻ ያበላሻል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የባሕሩ ብክለት ሳይንቲስቶችን ሲያሳስብ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም የዳርቻውን አገሮች ጠርቶ በ1975 የሜዲትራኒያን የድርጊት መርሐ ግብር እንዲጸድቅ፣ በየካቲት 1976 ደግሞ የባርሴሎና ስምምነት እንዲፈረም አደረገ። ቆጵሮስ ከተከፈለች ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግሪክና ቱርክ፣ ከ1973 ጦርነት ሦስት ዓመት ሳይሞላም እስራኤልና ጎረቤቶቿ በአንድ መርሐ ግብር ውስጥ መገኘታቸው ለዘመኑ ታዛቢዎች አስደናቂ ነበር።

ለዚህ ትብብር መዝለቅ ዋናው ምክንያት ከፊርማው ሥር የነበረው የቤተ ሙከራዎች ሥራ ነው። በሰሜንና በደቡብ ዳርቻ ያሉ የባሕር ጥናት ተቋማት ባለሙያዎች በአንድ ዓይነት ዘዴ ናሙና እንዲወስዱና ውጤታቸውን እንዲያስተያዩ ሥልጠናና መሣሪያ ተሰጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ባለሙያዎቹ በየአገራቸው መንግሥታቸውን በማስረጃ የሚያሳምኑ የባሕሩ ጠበቆች ሆኑ። በ1996 የተቋቋመው የሜዲትራኒያን የዘላቂ ልማት ኮሚሽንም ከመንግሥታት ተወካዮች ጎን የአካባቢ አስተዳደሮችን፣ የንግዱን ዓለምና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችን በአባልነት አስቀመጠ። ሜዲትራኒያን ዛሬም ከብክለት ነጻ አይደለም፤ ነገር ግን በመርሐ ግብሩ ሥር የተሰበሰቡት ሰዎች በየቀኑ የሚሠሩት የሚለካ ሥራ ስለነበራቸው፣ ከዚያ ወዲህ በተነሡት ጦርነቶች ሁሉ መካከል ግንኙነታቸው አልተበጠሰም።

ባርሴሎና፣ 1995

ኅዳር 27 እና 28 ቀን 1995 በባርሴሎና የተሰበሰቡት 15ቱ የአውሮፓ ኅብረት አባላትና 12 የሜዲትራኒያን አጋሮች፣ ማለትም ሞሮኮ፣ አልጄሪያ፣ ቱኒዚያ፣ ግብፅ፣ እስራኤል፣ የፍልስጤም አስተዳደር፣ ዮርዳኖስ፣ ሊባኖስ፣ ሶርያ፣ ቱርክ፣ ቆጵሮስና ማልታ፣ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ሰፊ የትብብር ማዕቀፍ አወጁ። በጊዜው በማዕቀብ ሥር የነበረችው ሊቢያ አልተካተተችም። አዋጁ ሦስት ዘርፎች ነበሩት፦ አንደኛው ፖለቲካና ደኅንነት፣ ሁለተኛው እስከ 2010 የነጻ ንግድ ቀጠና የመመሥረት ዕቅድን የያዘው የኢኮኖሚ ዘርፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ የማኅበራዊ፣ የባህልና የሰብዓዊ ግንኙነት ዘርፍ ነው። የእስራኤልና የፍልስጤም የኦስሎ ስምምነት ተስፋ ገና ስላልሞተ መንፈሱ ብሩህ ነበር፤ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን የተገደሉት ግን ጉባኤው ሊከፈት ከአራት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ነበር።

ሚኒስትሮቹ እንደተበተኑ በዚያው ከተማ የመጀመሪያው የአውሮ-ሜዲትራኒያን የሲቪል ፎረም ተከፈተ፤ ያዘጋጀውም የካታሎኒያ የሜዲትራኒያን ጥናት ተቋም ሲሆን፣ ከ1,000 በላይ የሆኑ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የንግድ ሰዎች፣ የሴቶች ማኅበራት መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የከተማ አስተዳዳሪዎች ተሳተፉበት። ፎረሙ ከዚያ በኋላ በኔፕልስ፣ በሽቱትጋርት፣ በማርሴይ፣ በቫሌንሲያና በሌሎች ከተሞች ከሚኒስትሮች ስብሰባ ጋር እየተያያዘ ሲካሄድ ቆይቶ፣ በ2005 በሉክሰምበርግ በተደረገው ፎረም የማኅበራቱን የጋራ መድረክ በቋሚነት ወደ ማዋቀር ተሸጋገረ። በዚያው ዓመት በ2003 በተገደሉት የስዊድን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስም የተሰየመው የአና ሊንድ የባህሎች ውይይት ተቋም በእስክንድርያ ሥራ ጀመረ፤ በየአባል አገሩም የማኅበራት መረብ አቋቋመ።

ይህ ሁሉ መልካም ጅምር በሁለት መሠረታዊ እንቅፋቶች ተያዘ። የመጀመሪያው የመንቀሳቀስ ገደብ ነው። የሸንገን ስምምነት፣ ማለትም በአውሮፓ አገሮች መካከል ያለውን የድንበር ፍተሻ ያስቀረውና የውጭውን ድንበር ያጠበቀው ውል፣ በሥራ ላይ የዋለው በመጋቢት 1995፣ ከባርሴሎና ጉባኤ ስምንት ወር ቀደም ብሎ ነበር፤ ስፔንም ከ1991 ጀምሮ ከሞሮኮ በሚመጡ ሰዎች ላይ የቪዛ ግዴታ ጥላለች። በዚህ ምክንያት የሸቀጥ መንገድ እየተከፈተ የሰው መንገድ ሲዘጋ፣ ውይይቱን እንዲያካሂዱ የታሰቡት ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ወደ ስብሰባው ለመድረስ ፈቃድ የሚያጡበት ሁኔታ ተፈጠረ። ሁለተኛው እንቅፋት የውክልና ጉድለት ነው። በደቡቡ ዳርቻ ብዙ መንግሥታት ነጻ ማኅበራትን ያግዱ ወይም መሪዎቻቸውን ያስሩ ስለነበር፣ ወደ ፎረሙ የሚላኩት አንዳንድ ማኅበራት መንግሥት ራሱ ያደራጃቸው ነበሩ፤ ነጻ የሆኑትም ቢሆኑ ህልውናቸው ከአውሮፓ ኅብረት በሚመጣ ዕርዳታ ላይ ያረፈ ነበር። በሐምሌ 2008 በፓሪስ 43 አገሮችን ይዞ የተመሠረተው የሜዲትራኒያን ኅብረትም በአብዛኛው በመንግሥታት መካከል ለሚሠሩ ግዙፍ ፕሮጀክቶች ቅድሚያ በመስጠቱ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የጋዛ ጦርነት ሲነሣ ስብሰባዎቹ ለወራት ቆሙ።

ቢሆንም ከባርሴሎና የወጣ አንድ ፍሬ በኋላ ዘመን ዋጋውን አሳይቷል። በ1997 በኮፐንሃገን የተመሠረተው የአውሮ-ሜዲትራኒያን የሰብዓዊ መብቶች መረብ በአገራቸው ለታገዱ የመብት ተሟጋቾች ድምፅና ከለላ ሆነ። የዚህ መረብ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቱኒዚያዊው ከማል ጀንዱቢ በአገራቸው ፕሬዚዳንት በቤን ዓሊ አገዛዝ ምክንያት ለብዙ ዓመታት በፓሪስ በስደት ኖረው፣ አገዛዙ ሲወድቅ ወደ አገራቸው ተመልሰው የጥቅምት 2011ን የመጀመሪያ ነጻ ምርጫ ያስፈጸመውን ኮሚሽን መሩ። በስደት የተገነባው ወዳጅነትና ልምድ ለነጻነት ቀን ስንቅ ሆኖ መገኘቱ፣ በድንበር ተሻጋሪ ትብብር ላይ የዋለው ድካም ከንቱ እንዳልነበረ ያረጋግጣል።

ቱኒስ፣ 2013

በሜዲትራኒያን ዳርቻ የሲቪል ማኅበረሰብ ኃይል ከሁሉ የላቀ ፈተናውን የተወጣው በቱኒዚያ ነው። የዚህም ሥር ወደ ጥር 20 ቀን 1946 ይወስዳል፤ በዚያ ዕለት ፋርሃት ሐሸድ የተባለው የከርከና ደሴት ተወላጅ የቱኒዚያን ጠቅላላ የሠራተኞች ኅብረት መሠረተ። ኅብረቱ ለሠራተኛ መብትና ለነጻነት በአንድነት ስለታገለ መሥራቹ በታኅሣሥ 5 ቀን 1952 ተገደለ፤ ይህም ደም ኅብረቱን በሕዝብ ዘንድ የማይደፈር ክብር አጎናጸፈው። ከነጻነት በኋላ አንዳንዴ ከመንግሥት ጋር እየተባበረ፣ አንዳንዴም እንደ ጥር 26 ቀን 1978ቱ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ደም እየፈሰሰበት ቆይቶ፣ በ2010 እና በ2011 ሕዝባዊ እንቅስቃሴ ጊዜ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶቹ የተቃዋሚዎች መሰባሰቢያ ሆኑ። ጥር 14 ቀን 2011 ፕሬዚዳንት ቤን ዓሊ ከአገር ሲሸሹ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አባላት ያሉት ይህ ኅብረት በአገሪቱ ከየትኛውም ፓርቲ የሰፋ ድርጅት ነበር።

ሽግግሩ ግን በ2013 ወደ ገደል አፋፍ ደረሰ። የካቲት 6 ቀን ጠበቃውና የግራ ዘመም መሪው ሹክሪ በልዒድ፣ ሐምሌ 25 ቀን ደግሞ የምክር ቤት አባሉ መሐመድ ብራሕሚ ተገደሉ። ተቃዋሚዎች ከሕገ መንግሥት አርቃቂው ጉባኤ ወጥተው በደጁ ሰፈሩ፤ የጉባኤው ሥራም በነሐሴ መጀመሪያ ተቋረጠ። በዚያው ሰሞን በግብፅ የተመረጡት ፕሬዚዳንት በጦር ሠራዊቱ ስለተወገዱ፣ በሥልጣን ላይ የነበረው እስላማዊው የአን-ነህዳ ፓርቲም፣ ተቃዋሚዎቹም ነገሩ ወዴት ሊያመራ እንደሚችል በዓይናቸው እያዩ ነበር።

በዚህ ጊዜ የሠራተኞች ኅብረቱ ከሦስት ድርጅቶች ጋር ተጣምሮ ወደ መሐል ገባ፤ እነርሱም የአሠሪዎች ማኅበር የሆነው የኢንዱስትሪ፣ የንግድና የዕደ ጥበብ ኅብረት፣ በ1976 የተመሠረተው የቱኒዚያ የሰብዓዊ መብቶች ሊግና ብሔራዊው የጠበቆች ማኅበር ናቸው። ሠራተኛና አሠሪ በጥቅም የሚቃረኑ ሆነው ሳለ አንድ ላይ መቆማቸው ለጥሪው ልዩ ክብደት ሰጠው። ሁለቱ በጥር 2013 ማኅበራዊ ውል በመፈራረም ቀድመው መተማመንን ጀምረው ስለነበር፣ የሀገር አደጋ ሲመጣ እንደ አዲስ መተዋወቅ አላስፈለጋቸውም። በኢትዮጵያ ባህል ሽማግሌ በሁለቱም ወገን ካልታመነ ዕርቁ እንደማይጸና ሁሉ፣ አራቱም ድርጅቶች የገቡት በሥራቸው ያተረፉትን አመኔታ ይዘው ነው።

አራቱ ድርጅቶች ያዘጋጁትን ፍኖተ ካርታ ጥቅምት 5 ቀን 2013 21 ፓርቲዎች ፈረሙ፤ ወደ ውይይቱ ለመግባት አስቀድሞ መፈረም ግዴታ ነበር። ፍኖተ ካርታው መንግሥት ሥልጣኑን ለገለልተኛ ባለሙያዎች ካቢኔ እንዲያስረክብ፣ ሕገ መንግሥቱ እንዲጠናቀቅና የምርጫ ኮሚሽን እንዲቋቋም የሚያዝ ሲሆን፣ ሦስቱ ጉዳዮች ተያይዘው እንዲሄዱ መደረጉ አንዱ ወገን የሚፈልገውን ወስዶ ሌላውን እንዳያስቀር ዋስትና ሆነ። ውይይቱ ጥቅምት 25 ቀን ተጀምሮ ብዙ ጊዜ እየተቋረጠ ቢቀጥልም፣ በታኅሣሥ መሐዲ ጁምዓ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ተመረጡ፤ ጥር 26 ቀን 2014ም ሕገ መንግሥቱ በ200 ድምፅ ድጋፍ ጸደቀ፤ የተቃወሙት 12 ብቻ ነበሩ። ምርጫውና ሽግግሩ ከተከናወነ በኋላ የኖቤል ኮሚቴ የ2015ን የሰላም ሽልማት የሰጠው ለማንኛቸውም መሪ በግል ሳይሆን አራቱ ድርጅቶች ላቋቋሙት የውይይት አካል ነበር።

የቱኒዚያ ታሪክ በዚያ አላበቃም። ኢኮኖሚው ሳያገግም ፓርቲዎችም እየተናቆሩ ሄዱ፤ የሠራተኞች ኅብረቱ በ2020 መጨረሻ ያቀረበው አዲስ የብሔራዊ ውይይት ሐሳብ ተቀባይ አላገኘም፤ ሐምሌ 25 ቀን 2021ም ፕሬዚዳንት ቀይስ ሰዒድ ምክር ቤቱን አገዱ፤ በዓመቱ በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው አዲስ ሕገ መንግሥትም የ2014ቱን ተካ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መራራ ቢሆንም ግልጽ ነው፤ አስታራቂ አካል ሰዎችን ወደ ጠረጴዛ ያመጣል፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ለመነጋገር ፈቃደኛ ካልሆነ ግን ሊያስገድደው አይችልም።

በባሕሩ ላይ የሚሞቱ ሰዎችና የሚያድኗቸው እጆች

ከ2013 ወዲህ በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ያለው ትብብር ከሁሉ ይልቅ የተፈተነው በስደተኞች ጉዳይ ሲሆን፣ የአፍሪካ ቀንድ ሕዝብም የዚህ ታሪክ አካል ነው። በሱዳንና በሊቢያ በረሃ አልፈው በጀልባ ወደ አውሮፓ ለመሻገር ከሚሞክሩት መካከል ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ይገኛሉ። ጥቅምት 3 ቀን 2013 ከኢጣሊያዋ የላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ አንድ ጀልባ ሲሰጥም ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ቀድመው ደርሰው ሕይወት ካተረፉት መካከል በግል ጀልባቸው ባሕር ላይ የነበሩ ሰዎች ይገኙበታል። ከአደጋው የተረፉትና የደሴቲቱ ወዳጆች ባደረጉት ጥረት ኢጣሊያ በ2016 ዕለቱን የስደት ሰለባዎች መታሰቢያ ቀን አድርጋ በሕግ ደነገገች።

ኤርትራዊው ካህን አባ ሙሴ ዘርአይ ከባሕር ላይ የሚደወልላቸውን የጭንቅ ጥሪ ለጠረፍ ጠባቂዎች ሲያስተላልፉ ብዙ ዓመት ቆይተዋል። በጥቅምት 2014 ደግሞ በአውሮፓና በሰሜን አፍሪካ ከተሞች የሚገኙ በጎ ፈቃደኞች ቀንና ሌሊት የሚሠራ የአደጋ ጥሪ መቀበያ ስልክ ከፈቱ። ከ2014 ወዲህ ባሉት ዓመታት በሜዲትራኒያን ከ25,000 በላይ ሰዎች እንደሞቱ ወይም እንደጠፉ ስለሚታወቅ፣ ይህ በጎ ሥራ ከችግሩ ስፋት ጋር የሚመጣጠን አይደለም፤ ሆኖም በመካከለኛው ዘመን ምርኮኛ ለማስለቀቅ ባሕር ይሻገሩ የነበሩ ማኅበራትን ተግባር በአዲስ መልክ ቀጥሏል።

ማጠቃለያ

ከነጋዴዎቹ ቆንስላ እስከ ቱኒዚያው የአራት ድርጅቶች ጥምረት ያሉት ምዕራፎች ሲነጻጸሩ፣ የጸኑት ግንኙነቶች ሦስት ነገሮች ይገኙባቸዋል። በመጀመሪያ፣ ተሳታፊዎቹ ተጠያቂ የሚሆኑላቸው አባላት ነበሯቸው፤ ቆንስሉ ለነጋዴዎቹ፣ የሠራተኞች ኅብረቱም ለአባሎቹ ተጠያቂ ነበር። ሁለተኛ፣ ከንግግሩ ጎን የሚሠራ ተጨባጭ ሥራ ነበራቸው፤ የጭነት ክርክር፣ የምርኮኛ ቤዛ፣ የባሕር ውኃ ልኬት፣ የሕገ መንግሥት አንቀጽ። ሦስተኛ፣ አመኔታቸው ከቀውሱ በፊት የተገነባ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል፣ የፍሎረንስ ጉባኤ ከመሪው መውረድ በኋላ እንደተቋረጠው፣ የባርሴሎናም ፎረም ለመንግሥታት ፈቃድ ተገዥ እንደሆነው፣ መልካም ሐሳብ ሥር ሳይሰድ ይቀራል።

ስለዚህ ለሜዲትራኒያን ሕዝቦች መቀራረብ የሚያስቡ መንግሥታትና ለጋሾች የስብሰባዎችን ቁጥር ከማብዛት ይልቅ፣ በየአገሩ ማኅበራት በነጻነት እንዲደራጁ፣ አባሎቻቸውን በመዋጮ እንዲያሰባስቡና ባሕሩን ያለ ከባድ የቪዛ ግድግዳ ተሻግረው እንዲገናኙ ሊፈቅዱና ሊያግዙ ይገባል። የማኅበር መብት በሌለበት አገር የሕዝብ ለሕዝብ ውይይት ማካሄድ ተወካይ የሌለውን ሰው ማነጋገር ነው። በሰላም ጊዜ የተከለከለ ማኅበር በመከራ ጊዜ ሊያስታርቅ አይችልም፤ ቱኒዚያ በ2013 ከእርስ በርስ ጦርነት የዳነችው በ1946 የተተከለ ማኅበር፣ መከራና እስር ሳይነቅለው ስልሳ ሰባት ዓመት ስለቆያት ነው።